የስንዴው ማሳ ለምን አረንጓዴ ሆነ? የቫን ጎግን ሥዕል ድሬዳዋ ላይ በእጅ ስለመቅዳት

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሥዕል እየሠራሁ እሸጣለሁ። ሐረር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ደንበኛ የቫን ጎግን የስንዴ ማሳና ጥድ በስልክ ላከልኝና በእጅ ሥራልኝ አለኝ። ልኩ 120 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። 24 ቱቦ ያለውን የአክሪሊክ ፓኬት ገዛሁ፤ አንዱ ቱቦ 12 ሚሊ ሊትር ነው። ሰማዩ ግራጫ ሆነብኝ፣ ስንዴው ወደ አረንጓዴ ሄደ። በጄሶ አነሳስቼ የቀባሁት ቦታ ተሰነጠቀ፣ ሸራው መሀሉ ላይ ረገበ። ጥፋቱ የቀለሙ ነው የእኔ? ደግሞስ የሰው ሥዕል መቅዳት አያስጠይቅም?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጭር ነው። ቫን ጎግ የሞተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ነው። በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በዚህኛው ነፃ ነህ። መጠንቀቅ ያለብህ ደንበኛህ «የአገራችንን ልጅ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራልኝ» ያለህ ዕለት ነው። ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ያረፈው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ስለሆነ ጥበቃው በዚያው አቆጣጠር እስከ 2031 ይዘልቃል፤ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ቀድቶ መሸጥ አይቻልም። የቫን ጎግንም ቢሆን «ቪንሰንት» ብለህ አትፈርምበት፤ ጀርባው ላይ «ቅጂ» ብለህ የራስህን ስምና ዓመቱን ጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው። የዘረዘርካቸው ብልሽቶች አራት ቢሆኑም አብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው የመጣው፦ ቀለም አልበቃህም። 120 በ90 ማለት 1.08 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ሥዕል ደግሞ ስስ ሆኖ የተቀባ አይደለም፤ ደመናው፣ ስንዴውና ጥዱ ቀለሙ በጉልህ የተነሳባቸው ናቸው። ከሸራው ሲሶውን በ2 ሚሊ ሜትር፣ የቀረውን በ0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብትቀባ 720 እና 216 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 936 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። ፓሌት (ቀለም መደባለቂያው) ላይ ደርቆ የሚጣለውን ጨምርበትና አንድ ሊትር በለው። አንተ የያዝከው 24 ጊዜ 12፣ ማለትም 288 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ነጩ አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ብቻ ነው። በግምት ከጠቅላላው ቀለም ግማሽ ያህሉ ነጭ መሆን አለበት። ነጩ ሲያልቅብህ ያደረግከውን መገመት አይከብድም፤ በውሃ አሳስተሃል፣ ውፍረቱን በጄሶ ሞልተሃል፣ ቀድሞ የተደባለቀውን ቀለም እንደገና ደባልቀሃል። ግራጫውም ስንጥቁም የመጣው በዚህ በኩል ነው።

የ24 ፓኬት ሌላም ችግር አለበት። ቱቦዎቹ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ፒግመንት፣ ማለትም ቀለሙን ከሚሰጠው ዱቄት፣ የተቀየጡ ናቸው። ሁለቱን ስታገናኝ ከአራት እስከ ስድስት ፒግመንት ተደባለቀ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ጭቃ ነው። ሰባት ቀለም ይበቃሃል፣ ግን በትልቁ ይሁን። በቱቦው ጀርባ በደቃቅ የሚጻፈውን የፒግመንት ኮድ አንብብ፤ አንድ ኮድ ብቻ ያለውን ምረጥ። 500 ሚሊ ሊትር ታይታንየም ነጭ፣ ኮዱ ፒደብልዩ 6 (PW6)፤ መካከለኛ ቢጫ፣ ፒዋይ 74 ወይም አቅም ካለ ፒዋይ 35 የሆነው ካድሚየም፤ ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ ፒዋይ 43፤ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ፒቢ 29፤ ከእነዚህ ከሦስቱ 120 ሚሊ ሊትር፣ 120 ሚሊ ሊትር ያዝ። ታሎ አረንጓዴ፣ ፒጂ 7፣ እና ኪናክሪዶን ሮዝ፣ ፒቪ 19፣ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃሉ። ታሎ ሰማያዊ፣ ፒቢ 15፣ ደግሞ 20 ሚሊ ሊትር፤ ከዚህ በላይ አትግዛ፣ ኃይለኛ ስለሆነ አንድ ቱቦ ብዙ ሥዕል ይሠራል። ድምሩ አንድ ሊትር ነው። «አቦ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሥዕል?» ትል ይሆናል። አዎ፤ ዋጋ ስትነጋገርም ከዚህ ተነስተህ ተነጋገር። ጥቁር አልጻፍኩልህም፣ አያስፈልግህም። ቫን ጎግ ራሱ የተጠቀመባቸውን ቀለሞች ማሳደድም ትርጉም የለውም። የእሱ ክሮም ቢጫ እርሳስ ያለበትና በብርሃን የሚጠቁር ነው፤ በዘመኑ ይሸጥ የነበረው ኤመራልድ አረንጓዴ ደግሞ አርሴኒክ ነበረበት።

ቀለሙ ከሐረር መስኮት ፀሐይ ጋር መኖር መቻሉን ለማወቅ ድሬ ጥሩ መሣሪያ አላት። እያንዳንዱን ቀለም በወፍራም ወረቀት ላይ አንድ አንድ መስመር ቀባ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍንና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለአንድ ወር ተኩል ተወው። ካርቶኑን ስታነሳ በሁለቱ ግማሾች መካከል ልዩነት ካየህ ያንን ቀለም ለሽያጭ ሥራ አትጠቀም። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ርካሽ ሮዝና ወይን ጠጅ ናቸው፤ የሚያንጸባርቁት የፍሎረሰንት ቀለሞችማ ገና በጥቂት ሳምንት ይጠፋሉ።

ከቀለም ቀጥሎ ልኩ ተበላሽቷል። የዚህ ሥዕል ዋና ቅጂ አንድ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 በፈረንጆች በጋ ላይ የሠራው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው፤ ልኩ 73.2 በ93.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የደገመው ለንደን ናሽናል ጋለሪ ይገኛል፤ ያኛው ረጋ ያለና ቀለሙ ያን ያህል ያልተነሳ ነው። ሌላ አነስ ያለም አለ። በስልክ የተላከልህ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ ከሁለቱ የተቀላቀለ ፎቶ ይዘህ ስትሠራ አንዱንም አትመስልም። የሜትሮፖሊታኑን ምረጥ። ሙዚየሙ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ በከፍተኛ ጥራት በነፃ ያስወርዳል፤ የብሩሹ ፀጉር የተወውን መስመር ድረስ አጉልተህ ታያለህ። የእሱ ወርድ ለቁመት ሲካፈል 1.28 ገደማ ይመጣል፣ 120 በ90 ግን 1.33 ነው። ስለዚህ ወይ ሥዕሉን ጨፍልቀሃል ወይ 4 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሃል። ፍሬሙን 120 በ94 አሠራ። ደንበኛው ግድግዳዬ ከ90 በላይ አይቀበልም ካለ 115 በ90።

ፎቶውን ስታይ የስልኩን የዓይን ማረፊያ ቢጫ ብርሃን አጥፋ፣ የስክሪኑን ቀለም ደማቅ ከሚለው ወደ ተፈጥሯዊው መልስ። በተረፈ ቀለሙን ከስክሪን ላይ አትቅዳ፤ ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ሸራ አያመነጭም። በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር የፎቶ ወረቀት አሳትመህ ከሸራው ጎን በአንድ ብርሃን ስቀለው። ሁለተኛ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አሳትም። ይህኛው ከባለቀለሙ የበለጠ ይጠቅምሃል፦ ደመናው ከሁሉ ነጭ ነው፣ ቀጥሎ ስንዴው፣ ከዚያ ሰማዩና ተራራው መካከል ላይ ይገናኛሉ፣ ቁጥቋጦው ይጠቁራል፣ ጥዱ ከሁሉም ይጠቁራል። ሥራህን በየቀኑ በስልክ አንስተህ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረውና ከዚህ ጋር አስተያየው። ብርሃንና ጥላው ልክ ከሆነ ሰማያዊው ትንሽ ቢሳሳት ማንም አያውቅብህም። ብርሃኑ ከተሳሳተ ግን ትክክለኛ ቀለም ገዝተህም ሥዕሉ ይሞታል።

ሸራው የረገበው በፍሬሙና በውሃው ነው። ለዚህ ልክ የእንጨቱ ወርድ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ገደማ ሆኖ መሀል ላይ መስቀለኛ ደጋፊ ይኑረው። የውስጠኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ተዳፍቶ ይላግ፤ ካልተላገ እንጨቱ ሸራው ላይ መስመር ያወጣል። ማዕዘኑን በሚስማር አታስደብድብ፤ ለእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ሽብልቅ፣ ስምንት ይገባለታል፣ በኋላ የምታጠብቀው በእነሱ ነው። አቡጀዲ ለዚህ ልክ አይሆንም፣ ሰሌዳ ላይ ለሚለጠፍ ትንሽ ሥራ ነው። በካሬ ሜትር ከ300 ግራም የማያንስ የጥጥ ሸራ 130 በ104 ቁረጥ። ከየጎኑ መሀል ጀምረህ ወደ ማዕዘን እየሄድክ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ስቴፕል ምታ። የአክሪሊክ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ ነጭ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየአንዳንዱ መሀል አቅጣጫ እየቀየርክ ቀባው፤ ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው። የግድግዳ ነጭ ፕራይመር አይተካውም፤ እሱ ኖራነት ይበዛበታልና ሲታጠፍ ይፈረፈራል።

ንድፉን ባለቀለሙን ህትመት 8 በ6 ከፋፍለህ፣ ሸራውንም እንዲሁ ከፍለህ አውጣ። በሸራው ላይ እያንዳንዱ ሣጥን 15 በ15.7 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በእርሳስ ወይም በከሰል አትንደፍ፤ የከሰሉ ዱቄት ቢጫው ውስጥ ገብቶ ያጨልመዋል። ስስ ኦከር በቀጭን ብሩሽ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ቀጂ የሚስተው ነገር አለ። ሥዕሉን 1.28 ጊዜ ስታሳድግ የብሩሽ ምቱም አብሮ ማደግ አለበት። ዋናው ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ምት አንተ ጋ 10 ይሆናል። በትንሽ ብሩሽ ትልቅ ሸራ የሞላ ሰው ሥዕሉ እንደ ሹራብ ሥራ ይሆንበታል። 10 እና 12 ቁጥር ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ፀጉር ያለው ብሩሽ ያዝ፤ 4 ቁጥሩን ለጥዱ ጫፍና ለስንዴው አናት ብቻ አስቀር።

ወፍራሙን ቦታ በጄሶ አታንሳ። ጄሶ በውሃ ተለውሶ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ሸራ ደግሞ ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል። ኮላ ብትጨምርበትም ስንጥቁን ታዘገየዋለህ እንጂ አታስቀረውም። የአክሪሊክ ሞዴሊንግ ፔስት ወይም ወፍራም ጄል ካገኘህ ግዛ። ካላገኘህ የአክሪሊክ ሚዲየምን (ቀለም የሌለበትን የአክሪሊክ ማጣበቂያ) ከደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ጋር እኩል በእኩል ለውሰህ በቁራጭ ሸራ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀባ። ሁለት ቀን ጠብቀህ ቁራጩን ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው፤ ካልተሰነጠቀ ለሥራ ይሆናል፣ ከተሰነጠቀ ሚዲየሙን ጨምር። በዚህ ለውስ የደመናውን ጥቅልል፣ የስንዴውን አግድም ሞገድና የጥዱን ነበልባል የሚመስል ቅርጽ በብሩሽ ቀድመህ አንሳ። ቀለሙ ከላይ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አትለፍ። የድሬ ሙቀት ላዩን በደቂቃዎች ያደርቀዋል፣ ውስጡ ግን ውሃውን ገና አልጣለም፤ ውስጡ ሲኮማተር የደረቀውን ቆዳ ይሰነጥቀዋል። ማራገቢያ አትክፈትበት፣ ፀሐይ ላይ አታውጣው። ሸራውን እንዳይነካ አድርገህ ፕላስቲክ በላዩ ዘርጋና አንድ ሌሊት ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ሙቀቱ ፓሌቱንም ይበላዋል። ዝርግ ትሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈህ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አድርግ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አውጣ፣ ስታርፍ ክደነው። ማዘግያ ፈሳሽ ካለህ ከቀለሙ 10 በመቶ አትለፍ፤ ሲበዛ ሥዕሉ ሳምንታት ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሥራውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አድርገው። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ከሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ አንተም ታውቃለህ።

ቅልቅሉን በደንብ እንየው፤ ሥዕሉ የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ነው። ስንዴው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ጥላውን በጥቁር ስላጠቆርከው ይመስለኛል። ጥቁር ከቢጫ ጋር ሲገናኝ እንደ ሰማያዊ ነው የሚሠራው፣ የሚወጣው የወይራ ቅጠል ቀለም ነው። ቢጫ የሚጨልመው በኦከርና በጣም በጥቂት ወይን ጠጅ ነው። ሦስት ክምር አዘጋጅ። ብርሃኑ፦ ቢጫ 3፣ ነጭ 2፣ ኦከር ግማሽ። መካከለኛው፦ ኦከር 2፣ ቢጫ 2፣ ነጭ 1። ጥላው፦ ኦከር 3፣ ቢጫ 1፣ ከአልትራማሪንና ከኪናክሪዶን እኩል የተቀላቀለ ወይን ጠጅ ሩብ። ቅደም ተከተሉ ጥላ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲመጣ ብሩሹን እየተጫንክ አትሸው፤ በብሩሹ ጫፍ አንሥተህ አስቀምጠው፣ ሁለተኛ አትመለስበት።

ሰማዩ ግራጫ የሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ቢጫ በነካ ብሩሽና ውሃ ሠርተኸዋል። ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ አንድ ላይ ሲሆኑ ወደ ግራጫ ይሄዳሉ። ሰማዩን ብቻውን በአንድ ጠዋት ጨርስ፣ ቢጫ ቱቦ በዚያን ዕለት አትክፈት፤ ከዚያ ወዲያም ለቢጫ የራሱ ውሃ፣ ለሰማያዊ የራሱ ውሃ ይኑረው። ሁለተኛ፣ በመሀል አልቆብህ እንደገና ደባልቀሃል። አክሪሊክ እርጥቡ ወተት የመሰለ ነው፣ ሲደርቅ ማጣበቂያው ጥርት ስለሚል ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቀው ጋር ማመሳሰል አይቻልም። የሰማዩን ሁሉ ቀድመህ ለውሰህ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች አስቀምጥ፦ አልትራማሪን 2፣ ታሎ ሰማያዊ ሩብ፣ ነጭ 5 መነሻህ ይሁን፤ ከእሱ ግማሹን በነጭ እያነጣህ ሁለት ሌላ ደረጃ አውጣ። ከእያንዳንዱ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርገህ አድርቀው፣ ከዚያ ወስን። ተራራው አልትራማሪን 2፣ ነጭ 2፣ ኪናክሪዶን የክብሪት ራስ የምታህል። ጥዱ ታሎ አረንጓዴ 1፣ ኪናክሪዶን ግማሽ፤ ጥቁር የሚመስል ጥልቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ በላዩ ኦከር የገባበትን አረንጓዴ ክር ክር እያደረግክ ወደ ላይ ጎትት። ዛፉ በነገራችን ላይ የእኛ የሀበሻ ጥድ አይደለም፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዘመድ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣና ወደ ጎን የማይዘረጋ። የምታውቀውን የተራራ ጥድ እያሰብክ ከሣልከው ቅርጹ ይሰፋብሃል።

ደመናውን ለብቻው ልንገርህ። 10 ቁጥሩን ብሩሽ ወስደህ አንዱን ጎን ነጭ ውስጥ፣ ሌላውን ጠርዝ ፈዛዛ ሰማያዊ ውስጥ ንከር፤ ፓሌቱ ላይ አታዋህዳቸው። ብሩሹን ቀድመህ ያነሳኸው ጥቅልል ላይ አስቀምጠውና አንጓህን ከክቡ ጋር እያዞርክ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ሂድ፣ አንሣ። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ይቀራሉ፤ ሩቅ ቆሞ የሚያይ ዓይን ራሱ ያዋህዳቸዋል። ከሦስት ምት በኋላ ብሩሹን በጨርቅ ጥረገው፣ አትጠበው፤ ውሃ ከያዘ ምቱ ይፈሳል። የማያምር ምት ከመጣ ወዲያው በስፓቹላ ልጠህ አውጣው። በብሩሽ እየተመለስክ ላስተካክል ካልክ ደመናው ሳሙና ይሆናል።

የተበላሸውን ሸራ ምን ላድርገው ካልክ፣ አትቀጥልበት። የተሰነጠቀው ጄሶ ከሥሩ እየለቀቀ ነው፤ አዲስ ቀለም ቢሸፍነውም ይዞት ይወድቃል። ለቅልቅልና ለደመና መለማመጃ ተጠቀምበት። ፍሬሙ ደጋፊ ከገባለት ለሌላ ሥራ ይሆናል።

ሲያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቀህ፣ ንፋሱና አቧራው ሳይነሣ በማለዳ፣ ከፊል አንጸባራቂ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ሁለት ስስ ጊዜ ቀባው። ወደ ሐረር ስትልከው በቀጥታ በፕላስቲክ አትጠቅልለው፤ አክሪሊክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ፕላስቲኩ ወፍራሙ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፊቱን በመጋገሪያ ወረቀት፣ ማዕዘኖቹን በካርቶን፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን። የደንገጎን ዳገት እስኪጨርስ ድረስ ፀሐዩ ቀለሙን፣ ንዝረቱ ደግሞ ማዕዘኑን ይፈትነዋል፤ ውስጥ ቆሞ ይሂድ።

አምፖሉን ለደንበኛህ ንገረው። ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ርካሽ ኤልኢዲ ስንዴውን ያሞቀዋል፣ ሰማዩን ግን መልሶ ግራጫ ያደርገዋል፤ አንተ ጋ አምሮ የሄደ ሥዕል እሱ ጋ ሲበላሽ ይወቅስሃል። 4000 ኬልቪን የሆነና የቀለም ጥራት መለኪያው (CRI) ከ90 በላይ የሆነ አምፖል ይግዛ፤ አንተም የመጨረሻዎቹን ቀናት በዚያው ዓይነት ብርሃን ሥራ። ቤቱ ጀጎል ውስጥ ያለ የቆየ የሐረሪ ቤት ከሆነ የነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ቀይና የግድግዳው ስፌት ከጎኑ ስላለ የሥዕሉ አረንጓዴና ሰማያዊ ከስቱዲዮህ ይልቅ እዚያ ይጎላል፤ «ትንሽ ይድመቅ» እያልክ አትጨምርበት። የድንጋይ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ሊያወጣ ስለሚችል ከታች በሁለቱ ማዕዘን ጀርባ 2 ሴንቲ ሜትር የቡሽ ቁራጭ ለጥፍ፣ አየር ይለፍ። ሐረር ከድሬ በከፍታም በቅዝቃዜም ስለምትለይ ሸራው በመጀመሪያው ወር ትንሽ ሊላላ ይችላል፤ አንድ ቀን ጎራ በልና ስምንቱን ሽብልቆች በቀላል መዶሻ አንድ አንድ ጊዜ ነካ ነካ አድርጋቸው።